ሥራ የፈቱ ሰርቨሮች፣ በዶላር የሚመጣ ሂሳብ እና በሊኑክስ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀን መፍትሔ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት የሰርቨር ክፍሉን እንድመለከትለት ጠርቶኝ ነበር። ክፍሉ ቀድሞ የጽሕፈት መሣሪያ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ቦታ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ይሠራል፤ ያም ሆኖ በሩ ሲከፈት የሚወጣው ሙቀት ፊት ይገርፋል። አምስት ሰርቨሮች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ የፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር አለ። ሁለተኛው የሠራተኞችን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያስተዳድራል። ሦስተኛው የጋራ ፋይሎች፣ አራተኛው የመጋዘን ዕቃ መመዝገቢያ፣ አምስተኛው ደግሞ የጣት አሻራ የሰዓት መቆጣጠሪያ ናቸው።

የእያንዳንዱን የፕሮሰሰርና የሚሞሪ አጠቃቀም ለአንድ የሥራ ሳምንት መዘገብሁ። ከአምስቱ አራቱ ከፕሮሰሰራቸው አቅም አሥር በመቶውን እንኳ አልነኩትም። የሰዓት መቆጣጠሪያው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል እና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይነቃል፤ የቀረውን ቀን መብራት እየበላ ይተኛል። ድርጅቱ በዚያው ሰሞን ሁለት አዳዲስ ሰርቨሮች ለመግዛት እያሰበ ነበር።

ይህ የአንድ ድርጅት ችግር ብቻ አይደለም። «ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር አንድ ሰርቨር» የሚለው ልማድ የመጣው ከእውነተኛ ፍርሃት ነው። ሁለት ሶፍትዌሮች በአንድ ዊንዶውስ ላይ ሲጫኑ አንዱ ሌላውን ያበላሻል፤ አንዱን ለማደስ ሲባል ሌላውም ይጠፋል። ስለዚህ ባለሙያው መለያየትን ይመርጣል። መለያየቱ ትክክል ነው። ስህተቱ መለያየትን በብረት ማድረጉ ላይ ነው፤ በሶፍትዌር መለያየት ከተቻለ እኮ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

አንድን ሰርቨር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ሰርቨር የማሠራት ዘዴ ቨርቹዋላይዜሽን ይባላል። ለዚህ ሥራ የሚሸጡ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ዋጋቸው ግን የሚተመነው በዶላር ነው። ድርጅቱም ከአንድ ሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ ተቀብሎ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊዋ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በጣታቸው አንድ መስመር አሳዩኝና «ይህ በየዓመቱ ነው?» አሉ። አዎ፣ በየዓመቱ ነበር።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመንን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። የሰርቨር ሶፍትዌር ፈቃድ በየዓመቱ በዶላር የሚከፍል ድርጅት፣ ሻጩ ዋጋውን በአንድ ሳንቲም ሳይጨምር፣ ወጪው በብር ከእጥፍ በላይ አደገበት ማለት ነው።

ሻጩም ሲጨምር ደግሞ አይተናል። በዓለም ላይ በዚህ ዘርፍ የገነነው ስም በ1998 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቪኤምዌር ነው። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ ግዢውን አጠናቀቀ። አንድ ወር ሳይሞላ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታ የሚያገለግለው ፈቃድ መሸጡ ቆመ፤ በቦታው ጊዜውን ጠብቆ የሚታደስ የኪራይ ክፍያ ተተካ። ተለያይተው ይሸጡ የነበሩ ዕቃዎች በጥቅል ብቻ እንዲገዙ ተደረገ። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ትንንሽ ድርጅቶችና ተማሪዎች ይጠቀሙበት የነበረው ነፃው እትም ተቋረጠ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ቢመለስም ብዙዎች በመሐል ትተውት ሄደዋል። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የቴሌኮም ግዙፍ ኩባንያ እንኳ ኒውዮርክ ላይ ክስ መሥርቶ፣ የቀረበለት ዋጋ የ1,050 በመቶ ጭማሪ እንዳለው ለፍርድ ቤት አስረድቶ ነበር፤ ጉዳዩ በኋላ በስምምነት ተዘጋ። ይህን ያህል ጠበቃና ገንዘብ ያለው ኩባንያ ፍርድ ቤት ከሄደ፣ መካከለኛ የሆነ የአዲስ አበባ ድርጅት በድርድር ጠረጴዛ ላይ ምን አቅም ይኖረዋል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው በሶፍትዌር ፈቃድም ይሠራል። የመጀመሪያው ዓመት ርካሽ ነው፤ መውጫው ከጠፋ በኋላ ነው ዋጋው የሚታየው።

እኔን የሚያስቆጨኝ መፍትሔው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ሊኑክስ የተባለው፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ግን ኮዱ ክፍት የሆነ ስርዓተ ክወና የተጫነበት ሰርቨር ያለው ድርጅት ሁሉ የቨርቹዋላይዜሽን ሞተሩን ሳያውቀው በእጁ ይዟል። ኬቪኤም ይባላል። አቪ ኪቪቲ የተባለ የእስራኤል ፕሮግራመር ኩምራኔት በሚባል አነስተኛ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ጻፈው፤ በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ማኅበረሰብ አቀረበው፤ በየካቲት 2007 የወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.6.20 እትም አካል ሆነ። ከርነል ማለት የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ፕሮሰሰሩንና ሚሞሪውን ለሶፍትዌሮች የሚያከፋፍለው እርሱ ነው። ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ኩባንያ በ2008 እ.ኤ.አ. ኩምራኔትን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ኮዱ ግን ክፍት እንደሆነ ቀረ። ማንም ሊያነበው፣ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው ይችላል፤ ማንም ደግሞ ነጥሎ ወስዶ ሊቆልፈው አይችልም። ዛሬ ደቢያን፣ ኡቡንቱ፣ አልማሊኑክስ፣ ሮኪ ሊኑክስ የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ሁሉም ይዘውት ይመጣሉ።

አሠራሩን በግቢ ልመስለው። አንድ ባለቤት ሰፊ ግቢ አለው እንበል። በግቢው ውስጥ ብዙ ተከራዮች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ በርና ቁልፍ አለው፤ አንዱ የሌላውን ጓዳ አያይም። ውሃውና መብራቱ ግን የጋራ ነው፤ ለማን ስንት እንደሚደርስ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ቀድሞ የነበሩት ዘዴዎች ለግቢው ከባለቤቱ ሌላ አዲስ አስተዳዳሪ ይቀጥሩለት ነበር። የኬቪኤም ብልሃት ባለቤቱን ራሱን አስተዳዳሪ ማድረጉ ነው። ሊኑክስ ፕሮሰሰርና ሚሞሪ ማከፋፈልን ከመጀመሪያውም ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተከፈለውን ሰርቨር፣ ልክ እንደ ማንኛውም እየሠራ እንዳለ ፕሮግራም ይቆጥረዋል። ለሊኑክስ የሚደረገው ማሻሻያ ሁሉ ለቨርቹዋል ማሽኖቹም ማሻሻያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የተቻለው ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ የሚያገለግሉ ትእዛዞችን በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ስላስገቡ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራ የሰርቨር ፕሮሰሰር ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ አቅም አለው። ፕሮሰሰሩ የማይሸፍነውን፣ ማለትም ዲስክን፣ የኔትወርክ ካርድንና ማዘርቦርድን የሚያስመስለው ኪዩኢሙ የተባለ ሌላ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ በውስጣቸው የተጫነው ዊንዶውስ በእውነተኛ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል።

«ነፃ ከሆነ ደካማ ይሆናል» የሚል ሥራ አስኪያጅ ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። የጎግል የክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) አገልግሎት በኬቪኤም ላይ ነው የቆመው። አማዞንም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ የክላውድ ሰርቨሮቹን የሚያሠራው ናይትሮ በተባለና በኬቪኤም ላይ በተመሠረተ ስርዓት ነው። ለእነርሱ የበቃ ነገር ለአምስት ሰርቨሮች አይበቃም የሚለውን ክርክር እኔ አልቀበለውም።

ሰርቨሩ ዝግጁ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሊኑክስ የመሣሪያ ፋይሎችን በሚያስቀምጥበት ማውጫ ውስጥ በኬቪኤም ስም የተሰየመ ፋይል ካለ ሞተሩ ተነሥቷል። ከሌለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰርቨሩ አይደለም፤ ባዮስ በተባለው፣ ማሽኑ ሲነሣ ቀድሞ በሚሠራው ማስተካከያ ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን ምርጫው ጠፍቶ ነው። አንድ ባልደረባዬ «ይህ ሰርቨር አርጅቷል፣ አይችልም» ብሎ ለሽያጭ ያወጣውን ማሽን፣ ባዮሱ ውስጥ ገብተን አንዲት መስመር ቀይረን በዚያው ቀን ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች አስነሥተንበታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ በምን እናስተዳድረው የሚለው ነው። አንድ ሰርቨር ብቻ ላለው ቤት፣ ኮክፒት በተባለው በብሮውዘር የሚከፈት ገጽ ማስተዳደር ይበቃል። ከአንድ በላይ ሰርቨር ካለ ግን እኔ ፕሮክስሞክስን እመርጣለሁ። ቪየና ኦስትሪያ ውስጥ ያለ ኩባንያ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው፣ በደቢያንና በኬቪኤም ላይ የተመሠረተ ክፍት ስርዓት ነው። ያለ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ የተፈተሸውን የማሻሻያ ማከማቻና ድጋፍ የሚፈልግ ደግሞ ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል፤ ዝቅተኛው ደረጃ ለአንድ ፕሮሰሰር በዓመት ከ100 ዩሮ ጥቂት ከፍ ይላል። ከቻላችሁ እንድትከፍሉ እመክራለሁ። ኮዱን የሚጽፉት ሰዎች እንጀራ ይበላሉ። በ2024 የወጣው እትሙ ከቪኤምዌር ላይ ማሽኖችን በቀጥታ የሚያስገባ መሣሪያ ይዞ መጥቷል፤ ጊዜው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ወደ አስመጪው ድርጅት ልመለስ። ሰርቨር ሲጠቃለል ሰዎች መጀመሪያ የሚጨነቁት ስለ ፕሮሰሰር ነው። በተግባር ቀድሞ የሚያልቀው ሚሞሪ ነው፤ ቀጥሎ የዲስክ ፍጥነት። ፕሮሰሰር በየሰከንዱ ክፍልፋይ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሚሞሪ ግን አንዴ ከተሰጠ በቀላሉ አይመለስም። አምስቱ ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት፣ በድምሩ 80 ጊጋባይት ነበራቸው፤ በሳምንቱ ውስጥ በአንድ ላይ የተጠቀሙበት ከፍተኛው መጠን ግን ከ40 አላለፈም። ከአምስቱ ሁለቱ አዲስ የሚባሉ ነበሩ። አዲስ ሰርቨር መግዛቱ ቀርቶ ለሁለቱ ሚሞሪ ጨመርንላቸው፤ የሚሽከረከሩ ዲስኮቻቸውንም በኤስኤስዲ፣ ማለትም በማይሽከረከሩ ፈጣን ዲስኮች፣ ተካን። የወጣው ገንዘብ ይህ ብቻ ነው።

ማዛወሩን ከቀላሉ ጀመርን፤ የሰዓት መቆጣጠሪያው ተቋርጦ ቢያድር የሚያለቅስ የለም። ፒችትሪን ለመጨረሻ አቆየነው፤ አርብ ማታ ሥራ ሲያበቃ ነው የነካነው። የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወስደን ወደ ኬቪኤም የዲስክ ዓይነት ቀይረን አስነሣነው። ዊንዶውስ መነሣት ሲያቅተው የሚያሳየው ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ወጣቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ፊቱ ተለወጠ፤ የድርጅቱ ባለቤትም በሩ ላይ ቆመው ነበርና «ጠፋ እንዴ?» አሉ። «አልጠፋም ጋሼ፣ ዋናው ማሽን እንዳለ ነው» አላቸው ወጣቱ፤ እውነቱን ነበር፤ ዋናውን ማንም አልነካውም።

የሰማያዊው ስክሪን ምክንያት የታወቀ ነው። ኬቪኤም ላይ ፈጣኑ የዲስክ መንገድ ቨርትአይኦ ይባላል፤ ዊንዶውስ ግን ለዚህ የሚሆን ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያሳውቀው ሶፍትዌር፣ ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ዲስኩን አያገኘውም። መፍትሔው ማሽኑን መጀመሪያ ዊንዶውስ በሚያውቀው በተለመደው የሳታ ዲስክ ማስነሣት፣ ድራይቨሩን መጫን፣ አንዲት ትንሽ ባዶ ዲስክ በቨርትአይኦ አያይዞ ዊንዶውስ እንዲለማመዳት ማድረግ፣ ከዚያ ዋናውን ዲስክ መቀየር ነው። ይህችን ቅደም ተከተል ያላወቀ ሰው «ኬቪኤም ከዊንዶውስ ጋር አይስማማም» ብሎ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ ብዙ ሙከራ በዚህች አንዲት ደረጃ ላይ ሲሞት አይቻለሁ። ሌሊቱን ስድስት ሰዓት ላይ ፒችትሪ ተከፈተ። ቅዳሜ ጠዋት የሂሳብ ክፍሏ ሠራተኛ መጥታ ምን እንደተለወጠ ሳትጠይቅ ደረሰኝ መመዝገብ ቀጠለች።

የመጋዘኑ ሶፍትዌር ደግሞ የራሱ ነገር ነበረው። ፈቃዱ ያለው ከሰርቨሩ ጀርባ በተሰካች የዩኤስቢ ቁልፍ ላይ ነው፤ ቁልፏ ካልተገኘች አይከፈትም። ኬቪኤም የዩኤስቢ መሣሪያን በቀጥታ ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን አሳልፎ መስጠት ይችላል፤ ሰጠነው፤ ሠራ። ነገር ግን ያ ማሽን ከዚያ ሰርቨር ጋር ታስሮ ቀረ፤ ሰርቨሩ ከተበላሸ አንድ ሰው ሄዶ ቁልፏን ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት አለበት። ይህን በወረቀት ጽፈን ክፍሉ በር ላይ ለጥፈነዋል።

ኬቪኤም የማይቆጥበውንም መናገር አለብኝ። የዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃድ በነፃው ሃይፐርቫይዘር (የቨርቹዋላይዜሽን ሞተር) ምክንያት አይቀርም። የስታንዳርድ እትም የሰርቨሩን ኮሮች፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን የሥራ ክፍሎች፣ በሙሉ፣ ቢያንስ 16 ኮር፣ ከሸፈነ በኋላ ለሁለት የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽኖች ብቻ ይፈቅዳል፤ አራት ከፈለጋችሁ እንደገና መክፈል ነው። ማሽኖቹ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር እንዲዛወሩ ከታሰበ ሁለተኛውም ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ ወጪ ለመቀነስ ትልቁ ዕድል ዊንዶውስ የግድ ያልሆነባቸውን ሥራዎች ለይቶ ወደ ሊኑክስ መውሰድ ነው። በዚህ ድርጅት የጋራ ፋይሉ ሳምባ በተባለ ክፍት የፋይል ማጋሪያ ሶፍትዌር ወደ ደቢያን ሄደ፤ የሰዓት መቆጣጠሪያው ግን ሻጩ የሚያቀርበው ለዊንዶውስ ብቻ ስለሆነ እዚያው ቀረ። ለዊንዶውስ ሰርቨር ቀድሞ የከፈለና ሁሉም ሶፍትዌሩ ዊንዶውስ የሆነ ድርጅት በፈቃዱ ውስጥ ያለውን የማይክሮሶፍት የቨርቹዋላይዜሽን ሞተር፣ ሃይፐር-ቪን፣ ቢጠቀም አልቃወምም። ክፍት አይደለም፤ የተከፈለበትን አለመጠቀም ግን ብክነት ነው።

ከፈቃዱ የሚበልጠው አደጋ ግን አምስት እንቁላል በአንድ ቅርጫት መሆኑ ነው። አንድ ሰርቨር ሲሞት አንድ ሥራ ይቆም የነበረው፣ አሁን ሁሉም ይቆማል። ሁለት ሰርቨር ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። ሁለት ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ በመካከላቸው ያለው የኔትወርክ ገመድ ቢነቀል እያንዳንዱ ሌላው የሞተ ይመስለዋል። ሁለቱም «እኔ ነኝ ዋናው» ብለው አንዱን ማሽን በሁለት ቦታ ቢያስነሡ ዳታው ይበላሻል። ፕሮክስሞክስ ይህን ለመከላከል በድምፅ ብልጫ ነው የሚወስነው፤ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሦስተኛ ዳኛ እንደሚያስፈልግ ማለት ነው። ዳኛው ትልቅ መሆን የለበትም። ከተነሡት አሮጌ ሰርቨሮች አንዱን ለድምፅ ሰጪነትና ለመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫነት አዋልነው።

መብራቱን ላሰላው። ሥራ የፈታ አንድ ሰርቨር 150 ዋት ቢስብ በዓመት 1,314 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ አምስት ሲሆኑ 6,570። በተሻለ ሥራ የተጠመዱ ሁለት ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 200 ዋት ቢስቡ 3,504 ነው፤ ዳኛውን ብንጨምርበት እንኳ 5,000 አይሞላም። ይህ ማቀዝቀዣውን ሳይጨምር ነው፤ ሰርቨር የሚበላው መብራት ሁሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይቀንሳል። መብራት በሚጠፋበት አገር ግን ከሂሳቡ የሚበልጠው የዩፒኤሱ ዕድሜ ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ባትሪው የሚሸከመው ባነሰ ቁጥር፣ ሰርቨሮቹ በድንገት ከመውደቅ በሥርዓት ለመዘጋት ጊዜ ያገኛሉ። የተበላሸ የፒችትሪ ፋይል ሲጠገን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሂሳብ ሠራተኞች ያውቁታል።

ፈቃዱ ስለ ተሰበረ (ክራክ ስለ ተደረገ) ሶፍትዌርም ዝም ብዬ አላልፍም። ለቨርቹዋላይዜሽን የሚሸጠውን ሶፍትዌር በተሰረቀ የፈቃድ ቁልፍ አስነሥቶ የሚሠራ ቢሮ እዚህ አገር ጥቂት አይደለም። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ኢኤስኤክስአይአርግስ የተባለ የዳታ አጋቾች ጥቃት በዓለም ዙሪያ ከ3,000 በላይ የቪኤምዌር ሰርቨሮችን መታ። አጥቂዎቹ ገቡበት ተብሎ ይታመን ለነበረው ቀዳዳ መድኃኒቱ፣ ማለትም ማሻሻያው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ ነበር። የተመቱት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። በተሰረቀ ቁልፍ የሚሠራ ሰው ማሻሻያ ለመጫን ይፈራል፤ ቁልፉ ይከሽፍብኛል ይላል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ክፍት እንደሆነ ይከርማል። ክፍት ሶፍትዌርም ቀዳዳ ይገኝበታል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በኪዩኢሙ የፍሎፒ ዲስክ ኮድ ውስጥ ከባድ ስህተት ተገኝቶ ነበር። ልዩነቱ መድኃኒቱ በወጣበት ዕለት ማንንም ሳይፈሩ፣ ምንም ሳይደብቁ መጫን መቻሉ ነው።

ከፈቃድ የተረፈው ገንዘብ ወዴት ይሂድ የሚለው ላይ ከባለቤቱ ጋር ተከራክረናል። እርሳቸው ወደ ዕቃ ግዢው እንዲመለስ ፈለጉ። እኔ ለባለሙያው ሥልጠናና ለመጠባበቂያ ቅጂ ካልዋለ ሥራውን አልረከብም አልኩ። ክፍት ሶፍትዌር ላይ ስልክ የምትደውሉለት ሻጭ የለም፤ የምትደውሉት ለራሳችሁ ሰው ነው። ያ ሰው ካላወቀ፣ ወይም ብቻውን አውቆ ሥራ ከለቀቀ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይመጣል። በመጨረሻ ሁለት ሠራተኞች እንዲሠለጥኑ ተስማሙ፤ ሁለተኛው አሮጌ ሰርቨርም ቃሊቲ ወዳለው መጋዘን ሄዶ በየሌሊቱ ቅጂ ይቀበላል።

አሁን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ባለሙያው ቃሊቲ ካለው ቅጂ ፒችትሪን ከኔትወርኩ በተለየ ቦታ ያስነሣዋል። የሂሳብ ክፍሏ ሠራተኛ የአርብን የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር በወረቀት ይዛ ትመጣለች፤ በተነሣው ማሽን ላይ ፈልጋ ስታገኘው ወረቀቱ ላይ ትፈርምና ፋይል ውስጥ ታስገባዋለች።